አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ የወጣበት ዳገት

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል። ልጅ ሆኜ መብረቅ ሲጮህ አልጋ ስር የምገባው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም በር ሲንኳኳ ልቤ ቀድማኝ ትዘላለች። እናቴ "ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ስለዚህ እርቅ የሚባል ነገር ሲነሳ ሌላው ሰው ደስ ሲለው እኔ መውጫ በር ብፈልግ አትፍረዱብኝ።

በቀደም ዲላ አዳራሽ ውስጥ የእርቅና የሰላም ስብሰባ ላይ ተጠርቼ ነበር። ባነር ተሰቅሏል፣ በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፣ ማይክሮፎኑ ይጮሃል። መድረኩ ላይ የነበረው ሰውዬ በዚህ አገር ሰውና ከሌላ አገር በመጣው ሰው መካከል ስለነበረው በደል ጥቂት ተናገረና "ያለፈው አልፏል፤ ይቅር ተባብለናል!" አለ። አጨበጨብን። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ግን ሁለት እጃቸውን በትራቸው ላይ እንደጫኑ ቀሩ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ማነው ይቅር ያለው?" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው ለማወቅ ነው የጠየቁት።

ምን ልበላቸው? ውሃዬን ከፍቼ ልጠጣ ስል ግማሹን ቀሚሴ ላይ ደፋሁት። ምክንያቱም እኔ በዕድሜዬ አንድ እርቅ አይቻለሁ። ጭብጨባ አልነበረበትም።

ቤታችን ዲላ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብሎ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። አያቴ ከሸዋ ከጦር ጋር የመጡ ሰው ነበሩ። ያኔ ለመጣው ወታደር ገባር ይታደለው ነበር፤ ገባር ማለት የጌዴኦ ገበሬ ነው። ያርስለታል፣ እንጨት ይሰብርለታል፣ ቤቱንም ይሠራለታል። የእኛ ቤት ድንጋይ ወደ ደጋው ወደ ቡሌ በሚወስደው ዳገት ላይ ካለ የድንጋይ ካባ የተፈለጠ ቀይ ድንጋይ ነው። መሬቱ በአብዮቱ ጊዜ ተወረሰ፤ ቤቱና ግቢው ቀረልን። ያን ሁሉ ድንጋይ ከዚያ ዳገት ማን አወረደው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እኛ ቤት አልነበረም። "አያታችሁ የሠሩት ቤት" ይባላል፣ አለቀ።

አባቴ ነጋዴ ነበር። ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ደብተር ይሸጣል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግትር ነበር እንጂ። አንዴ "እምቢ" ካለ በሬ አይጎትተውም።

ነገሩ የሆነው የአብዮቱ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ በከተማው የማይወራ ወሬ አልነበረም። እገሌ የሚባል የባለርስት ልጅ ለሽምግልና ተጠርቶ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ ይባላል። የት? "እዚያ ማዶ።" ማን አየ? ማንም። ወሬው ግን ገበያውን ይዞራል፣ እኔም እየሰማሁ በጊዜ ቤት እገባለሁ። ትምህርት ቤት "ነፍጠኛ" የሚለውን ቃል ዞር ስል እሰማለሁ፤ ዞሬ ሳይ ማን እንዳለው አይታወቅም።

በዚህ መሀል አባቴ መጋዘን ልሠራ ነው ብሎ ተነሳ። ከጓሮ ያለውን የድሮ የድንጋይ አጥር አስፈርሶ ድንጋዩን ለመሠረት ወደ ፊት ለፊት ማዛወር ፈለገ። ከዳገቱ የመጡ የጌዴኦ ልጆች በቀን ሥራ ቀጠረ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ልጆቹ ቀዩን ድንጋይ በትከሻቸው እየተሸከሙ፣ ጎንበስ ብለው፣ በሱቃችን ፊት አንድ በአንድ ያልፋሉ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ "በርቱ! በርቱ!" ይላል።

አንድ ሽማግሌ ከገበያ ሲመለሱ ይህን አዩና ቆሙ። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ነበርኩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በትራቸውን ተደግፈው፣ ልጆቹ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመው አዩ። አባቴ "ምን ልስጥዎት አባ?" አላቸው። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። "አይ እርጅና" አለ አባቴ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሳምንቱ መልእክተኛ መጣ። በትር የያዘ ጎልማሳ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አልገባም፣ ደጅ ቆሞ ተናገረ። "ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ይጠሩሃል።" ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ከትልቅ ዛፍ ስር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት መስክ ነው። የእኛን ነገር የሚያየው ሶንጎ ደግሞ እዚያው ካባው ያለበት ዳገት ላይ ነው።

"እኔ ምን አጠፋሁ?" አለ አባቴ። "ከሳሽ ያለው ፍርድ ቤት ይክሰሰኝ! እኔ እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ፣ አሁን ደግሞ ጫካ ልጠራ? አልሄድም።"

መልእክተኛው መልእክቱን አድርሷል። ሰላም ብሎ ሄደ። ያ ሰላምታው ነው ያስፈራኝ።

በሱቃችን በረንዳ ላይ ቆጮ የምትሸጥ አንዲት የጌዴኦ ሴት ነበረች። እናቴ ሱቅ ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ቋንቋውንም ከእሷ ነው የለመድኩት። ከእናቴ ጋር ባልንጀራሞች ናቸው። አማርኛዋ ሴቱንም "አንተ" ነው የሚለው። ያን ቀን ቆጮዋን ሳትሸጥ ሸክፋ ገባችና "እትዬ፣ ሰውዬህን ምከር። ይሂድ። የአባቱ ጊዜ በደል ነው ይላሉ" አለቻት። "ሶንጎ ጠርቶት የቀረ ሰው፣ ማንም አያናግረውም። ሲታመም አይጠይቀውም። ሲሞት አይቀብረውም። እኔም... እኔም ከዚህ በረንዳ እነሳለሁ እትዬ።" ይህን ስትል አለቀሰች። እናቴም አለቀሰች። እኔማ ከሁለቱም ቀድሜ ጀምሬያለሁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሱቃችን ፊት የቆመ ሰው አልነበረም። ገበያው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ የአህያው፣ የሰው፣ የጫጫታው ብዛት ሌላ ነው። በእኛ በር ሲደርሱ ግን ሰዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ያልፋሉ። የሰደበን የለም። ድንጋይ የወረወረብን የለም። ምነው በሰደቡን እል ነበር፤ ስድብ ቢያንስ ይመልሱለታል። አባቴ ጠዋት የከፈተውን የገንዘብ ሳጥን ከምሳ በፊት ዘጋና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ" አለች እናቴ። "ሂድና ይቅርታ ጠይቅ።"

"ላልሠራሁት?"

"ላልሠራኸው። አባትህ የለ፤ ማን ይጠይቅለት?"

አባቴ "ከገደሉኝስ?" አላት። አባቴ ፈርቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፍርሃት የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱም እንደሚፈራ ሳውቅ ከማን ኋላ እንደምደበቅ ጠፋኝ።

መላውን ያመጣችው እናቴ ናት፤ ነፍሷን ይማርና ለበጎ ብላ ነው። በእሷ አገር ደም የተቃባ ሰው፣ የበደለ ሰው፣ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል። የተበደለው "አውርድ" ካለው ታርቋል። "አንተም እንደ አገርህ ወግ ግባ፤ ማንም ሰው ድንጋይ የተሸከመን ሰው አይመታም" አለችው። አባቴ ተስማማ። ከዚያ ጓሮ ሄዶ ከፈረሰው አጥር አንድ ደህና ቀይ ድንጋይ መርጦ በማዳበሪያ ጠቀለለው። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ "ቆይ፣ ይሄ ድንጋይ..." ያለ የለም። ዛሬ ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል።

እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። የአባቴ ጌዴኦኛ የሱቅ ጌዴኦኛ ነው፤ ስንት፣ ጨምር፣ የለም። ይቅርታ በዚያ አይጠየቅም። እናቴ እኔን ሸኝታ ስትስመኝ ከንፈሯ ቀዝቅዞ ነበር። "ከአጠገቡ እንዳትርቂ" አለችኝ። ርቄስ የት ልደርስ?

ወደ ቡሌ በሚወጣ አይሱዙ ላይ ከጨው ጆንያ ጋር ተጫንን። መንገዱ እንኳን ሰው ነፍስንም ያንገጫግጫል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ቡናው እያለቀ እንሰቱ እየበዛ፣ ብርዱም እየጠነከረ ሄደ። ጉም መጣና አገሩን ሁሉ ሸፈነው። እንሰቱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲል ሰው እየመሰለኝ ስንት ጊዜ የአባቴን ክንድ ጨበጥኩ! ሾፌሩ አንድ መታጠፊያ ላይ አወረደንና "ስመለስ እዚህ ጋ እጠብቃችኋለሁ" አለ፤ ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ "ከመጣችሁ" ሲል ጨመረ። ቀልዱን መሆን አለበት። እግዜር ይይለት።

መስኩ ጠርዝ ላይ ስንደርስ አባቴ ጫማውን አወለቀ። ማዳበሪያውን ፈትቶ ድንጋዩን አነሳና ማጅራቱ ላይ ጫነው። በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። እንዲህ ሆኖ ነው ወደ ሽማግሌዎቹ የገባው፤ እኔ ከኋላው።

ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ስር በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ወሬ ነበራቸው፤ ሲያዩት ወሬው ተቆረጠ። ትንሽ ቆይቶ ማጉረምረም ተነሳ። ማጉረምረሙ ደግ አልነበረም። አንዱ ተነስቶ ፊቱን አዞረ። ከጀርባ የቆሙት ጎልማሶች ወደፊት ገፉ። የአባቴን ኮት ጫፍ ያዝኩ። ምን እንዳጠፋን ሳላውቅ አጥፍተናል፤ ይህን ከፊታቸው አየሁት።

የገበያው ሽማግሌ ከመሀል ተነሱ። ወደ አባቴ መጥተው ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት። የመሮውን ጠባሳ በጣታቸው ተከተሉት።

"ይህ የእኛ ድንጋይ ነው" አሉ። "አባቴ በዚህ መንገድ፣ ልክ እንዲህ ጎንብሶ፣ ይህን ድንጋይ ለአባትህ ቤት አወረደ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ከኋላው እሄድ ነበር። ሲደክመው የሚቆምበት አልነበረውም፤ ጅራፍ አለ። አንድ ቀን ወርዶ አልተመለሰም። አሁን አንተ አባቴን መስለህ መጣህ? ልትስቅብን ነው?"

ይህን ለአባቴ መተርጎም ነበረብኝ። አባቴ ቀና ማለት አይችልም፤ ከድንጋዩ ስር "ምን አሉ? ምን አሉ ልጄ?" ይለኛል። ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ በአማርኛ "እኔ አላውቅም ነበር። ማርያምን፣ አላውቅም ነበር" አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ይህን ተረት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ለእኛ ለራሳችን የተተረተ መሆኑ ገባኝ። እኛ አልረሳንም እንኳ፤ ጭራሽ አልሰማንም። ግድግዳችን ላይ ጀርባችንን ሰጥተን ስንስቅ፣ ስንበላ፣ ስንተኛ ኖረናል።

እኔ ተንበረከክሁና አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ተናገርኩ። "አባ፣ በእኛ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ይሸከማል። ለፌዝ አይደለም። የተበደለው አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። ወጋችን ነው አባ፣ እናቴ ናት የነገረችን።" ቋንቋው የት ሄዶ የት መጣ አላውቅም፤ በቆጮ ሻጯ ጀርባ ላይ የለመድኩት የሕፃን ጌዴኦኛ ነው የወጣው።

ሽማግሌው እንደገና ድንጋዩን ዳሰሱት። ጎልማሶቹ እሳቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ የጎልማሶቹን እጅ አያለሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ አላነሳሁም።

"የተበደለው ነው አውርድ የሚለው?" አሉኝ።

"አዎ አባ።"

"ለአባቴ አውርድ ያለው ሰው አልነበረም" አሉ። ከዚያ ለአባቴ በትራቸውን ወደ ዳገቱ ዘረጉለት። "ይውጣ። ድንጋዩ ከተነሳበት ድረስ ይዞ ይውጣ።"

ካባው ከሶንጎው በላይ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። አባቴ ወፍራም ሰው ነበር፤ የሱቅ ሰው። ገና ከመነሻው ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ። ሽማግሌው ከኋላው ይሄዳሉ፣ እኔ ከጎኑ፣ ሌሎቹ ሁሉ ከእኛ ኋላ። የሚሰማው የአባቴ ትንፋሽና የጭቃው ድምፅ ብቻ ነው። አንዴ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ድንጋዩን ግን አልጣለም። ልደግፈው እጄን ስሰድድ "ተይኝ!" ብሎ ጮኸብኝ። አንገቱ ላይ ደም አየሁ። እንግዲህ ሊሞት ነው አልኩ። ሰው አይገድለውም፣ ይህ ዳገት ይገድለዋል፤ ለእናቴ ምን ብዬ ነው የምገባው? "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ከማለት ሌላ ጸሎት ጠፋብኝ።

ካባው ዳር ደረስን። የተቦረቦረ ቀይ ገደል ነው፤ ሳር በቅሎበታል፣ ከስሩ ጉም ሞልቷል። አባቴ ቆመ። የገደሉ አፍ ከፊቱ ነው፤ ሽማግሌው ከጀርባው ናቸው። አንዲት ግፊት ትበቃዋለች። ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት ከዚያ በኋላ ስወልድም አልፈራሁትም።

ሽማግሌው አልፈውት ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄዱ። ፊታቸውን ወደ ሸለቆው፣ ወደ ታች፣ ወደ ዲላ አዞሩ። ከዚያ በታላቅ ድምፅ አንድ ስም ጠሩ። የአባታቸውን ስም ነው። ጉሙ ውስጥ ድምፁ ዞሮ ተመለሰ። ደግመው ጠሩት።

"አባ! በቃህ፣ አውርደው! አባ፣ አውርድ!"

ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሱ፤ ትከሻቸው እየተነሳ እየወደቀ። እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ሲያበቁ ወደ አባቴ ዞሩና ቀስ ብለው "አንተም አውርድ" አሉት።

መተርጎም አላስፈለገኝም። አባቴ ድንጋዩን አወረደና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው አጠገቡ ተቀመጡ። የእርቅ ምልክት ነውና እርጥብ ሳር ነቅለው በእጁ አስያዙት። እንደዚያ ሆነው ሲላቀሱ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ፣ ጎልማሶቹ ዞር አሉላቸው።

ከመለያየታችን በፊት አባቴ "ሌላውንም ድንጋይ ላምጣ? ቤቱን ላፍርሰው?" ብሎ አስጠየቀኝ። የምሩን ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አታፍርስ። ኑርበት። ልጆችህ ግን በማን ጀርባ ላይ እንደሚተኙ ይወቁ።"

አይሱዙው መታጠፊያው ላይ ጠብቆን ነበር፤ ያን ሾፌር ስረግመው ውዬ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ከታች አስፋልቱ ዳር እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች፤ ቆጮ ሻጯ ይዛታለች። እናቴ አባቴን ስታይ ሮጣ መጥታ አቀፈችው መሰላችሁ? ደረቱን በቡጢ ትደልቀው ጀመር። "የት ቆየህ? የት ቆየህ አንተ ሰውዬ!" እሱ እየሳቀ፣ አንገቱን ይዞ ይለምናታል። በማግስቱ ቆጮ ሻጯ በረንዳው ላይ ቆጮዋን ዘረጋች። በገበያው ቀን መጀመሪያ የመጡት እኚያ ሽማግሌ ናቸው፤ ጨው ገዙ። አባቴ መጋዘኑን ሳይሠራው ቀረ።

ታርቀን አበቃን ልላችሁ አልችልም። ከዚያ ወዲህም በዚህ አገር ስንት የሚያስፈራ ቀን አይተናል። ሽማግሌውም አባቴም ዛሬ የሉም። አባቴ ሲሞት ከዳገቱ የመጣው ሰው ግቢውን ሞልቶ መንገድ ላይ ተርፏል፤ ሬሳውን ከተሸከሙት መሀል የሽማግሌው ልጆች ነበሩበት። እኔ ግን አሁንም ፈሪ ነኝ። የዛሬው ፍርሃቴ ስለ አባቴ አይደለም። እንደ እኛ ሳይሰማ፣ ሳያውቅ የሚያድግ ልጅ ነው የሚያስፈራኝ።

ከዚያ ከአዳራሹ ስብሰባ ቀሚሴን አርጥቤ ስመለስ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ደጅ ተቀምጣለች። ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ልጆች ናቸው፣ በስልካቸው ግድግዳውን ፎቶ ያነሳሉ። "ያምራል እኮ! ማነው የሠራው?" አለቻት አንዷ።

"የአያቴ አባት" አለች ልጄ።

"አይደለም" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ፤ ሁሉም ዞሩ።

"ታዲያ ማነው እማዬ?"

ያን ሁሉ ድንጋይ ያወረዱት ሰዎች ስንት እንደነበሩ አላውቅም። ማን እንደተመለሰ፣ ማን እንደቀረ አላውቅም። ሽማግሌው ካባው ላይ ቆመው የጠሩትን ስም ግን አልረሳሁትም። አጠገቧ ተቀመጥኩና ስሙን ነገርኳት።

"የሌሎቹስ?" አለችኝ።